ክር መምዘዝ ክልክል ነው

ሲይዙኝ ክሮሞዞም እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው ጫፋቸውን ሲለዋወጡ ስዬ ቀስቱን ሳሰምር የክፍሉ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ አዲስ አበባን ወደ ኦሮሚያ የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሰልፍ ወጥተው ነበርና «የላካቸው መምህር» ተፈልጎ ተገኘ፤ እኔ። ፖሊሶቹን እየመራ የገባው ሳጅን ሰሌዳውን ትኩር ብሎ አየው። «ከዚህ ቆርጠህ ወደዚህ... ይሄ የትኛው ቀበሌ ነው?» አለኝ። ተማሪዎቼ እንዳይስቁ ጸለይኩ። አንዷ ሳቀች።

ሰበታ ጣቢያ የጣሉኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ራሱ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ብርድ ልብስ የተጋራሁት ከአንድ የፉሪ ሚኒባስ ሾፌር ጋር ነው። ወንጀሉ መንገድ መዝጋት። ወጣቶቹ አስፋልቱን በድንጋይ ሲዘጉት ሚኒባሱ መሀል ላይ ቆመበት፤ ምን ያድርግ፣ ይብረር? ይህንኑ ለመርማሪው ቢነግረው «አትፈላሰፍ» አለው።

እሱን ያስጨነቀው ግን ክሱ አልነበረም። ሚስቱ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ወርደዋል። እናቱ «የተረገመች ናት፣ ፍታት» ብለዋል፤ እሑድ ለጥየቃ ሲመጡም ሽማግሌ ይዘው ቃሉን ሊቀበሉ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ እወዳታለሁ። ግን እናቴን ምን ልበላት?»

«እርግማን አላስተምርም» አልኩት። ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር ክር መዘዝኩ። ከአንዱ ቀይና ከአንዱ ጥቁር ጫፍ ጫፋቸውን በጥርሴ በጥሼ አለዋውጬ ቋጠርኳቸው።

«እነዚህ አንድ ሰው ለልጁ የሚያወርሳቸው ክሮሞዞሞች ናቸው በል። እየው፣ የጎደለ ክር አለ?»

«የለም።»

«ስለዚህ ሰውየው ጤነኛ ነው። ለልጁ ግን ከቀዩ አንድ፣ ከጥቁሩ አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው።» የተቋጠረውን ቀይ ካልተነካው ጥቁር ጋር መዳፉ ላይ አኖርኩለት። የቀዩ ጫፍ የለም፤ የጥቁሩ ጫፍ ሁለት ሆኗል። «እንዲህ የሆነ ፅንስ ብዙ ጊዜ አይቆይም። ዕድል ሲቀና ደግሞ ደህና ልጅ ይወለዳል።»

«ታዲያ ይሄ ነገር እሷ ላይ ነው ያለው?»

«እሷ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አንተም ላይ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ሌላ ምክንያትም ይኖረው ይሆናል። ሳትመረመሩ እኔም አላውቅም፣ እናትህም አያውቁም።»

መዳፉን አልጨበጠም፣ አላራገፈም። «እኔ ላይ?» አለ።

ሳጅኑ የገባው ያኔ ነው። ክሮቹን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። «ባንዲራ እየሠራችሁ ነው! ነጩንስ የት ደበቃችሁት?» በሰልፉ ላይ የሚውለበለበው የገዳ ባንዲራ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ ነዋ! ክሮሞዞም ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ለአህያ ማር አይጥማትም። ብርድ ልብሱን ያደልከን አንተው ነህ ስለው በጥፊ አጮለኝ። ክሮቹ በፖስታ ታሽገው ኤግዚቢት ሆኑ። በማግስቱ በር ላይ ቆሞ ዐዋጅ አስነገረ፦ ክር መምዘዝ ክልክል ነው፤ የመዘዘ ጥየቃ የለውም። ጥፊውን ረስቼዋለሁ። ዐዋጁ ግን እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

እሑድ እናቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሚስቱ የምግብ ሳህኗን ታቅፋ ከኋላ ቆማለች፤ ቅረቢ ያላት ሰው የለም። ሳጅኑ እስረኛን ከጠያቂ የሚለየው ሽቦ አጠገብ ተገትሯል። እናቱ በኦሮምኛ ጀመሩ፤ እኔም እሰማለሁ።

«ሽማግሌዎቹ ቃልህን ሊሰሙ ነው የመጡት፣ ተናገር።»

ሾፌሩ የሹራቡን እጅጌ ያዘና አረንጓዴ ክር መዘዘ።

«አንተ!» አለ ሳጅኑ።

ዞሮም አላየው። «ነይ እስቲ፣ ከሻርፕሽ ክር ስጪኝ» አለ ሚስቱን። ሽማግሌዎቹን አልፋ መጥታ ክሩን በሽቦው አሾልካ ሰጠችው። ነጭ። ይኸው ነጩ ተገኘልህ፣ አልኩት ሳጅኑን በልቤ።

በጥርሱ በጠሰ፣ አለዋወጠ፣ ቋጠረ። «እማዬ፣ እዪው። ልጆቹ የወረዱት በኔ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እኔ ልመርመር።»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!» አለ፣ ግቢው ሁሉ እስኪዞር። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሳጅኑ ማጅራቱን ይዞ ጎተተው፤ ሳህኑን ግን ከሽቦው በላይ ከሚስቱ ተቀብሎ ነበር። እስኪፈታ ድረስ ጥየቃ ተከለከለ።

ዛሬም ይህን ትምህርት በክር ነው የማስተምረው፤ ቀይና ጥቁር። ነጭም እጨምርበታለሁ፤ ለትምህርቱ ባያስፈልግም።

ሾፌሩን አንዳንዴ ሰበታ መናኸሪያ አገኘዋለሁ። ተመርምረው እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ልጅ የላቸውም። ባለፈው ጋቢና ልገባ በሩን ስከፍት «ተይዟል፣ ቲቸር» አለኝ። ሚስቱ ሳህኗን ታቅፋ ተቀምጣለች።