ያለ ክራንች የተጫወትኩት ሻደይ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በ1999 ዓ.ም ነሐሴ ላይ፣ ሰቆጣ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን አሁንም ቢሆን “አካል ጉዳተኞችን እናዝናና” የሚል ሰው ባየሁ ቁጥር ንቀቴ ያገረሽብኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ፖሊዮ በልጅነቴ ግራ እግሬን አስቀርቶታል። የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። ሻደይ ደግሞ የእግር በዓል ነው። በኛ አገር ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። የቤቱ ባለቤት የቻለውን ይሰጣል። በደንብ የሰጠ ይሞገሳል፤ የሰሰተ በግጥም ይወረፋል። በሻደይ ግጥም መቆጣት ደግሞ ነውር ነው።

እኔ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ በራችን ላይ ተቀምጬ ሌሎቹ ሲያልፉ ነው ያየሁት። “እሷን ማን ይሸከማታል?” ይሉ ነበር ዘመዶቼ፣ እኔ እየሰማሁ። በዚያ ዓመት ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ነበር። በሰፈራችን ደግሞ ካገባች በኋላ ሻደይ የምትጫወት የለችም። ዘንድሮ ካልተጫወትኩ መቼም አልጫወትም ማለት ነው። ይህንን ለጓደኛዬ ለዝማም እያለቀስኩ ነገርኳት።

ዝማም ስብሰባ አልጠራችም። ከደሃና ወረዳ የመጡት አጎቷ እህል የሚጭኑባትን አህያ ለበዓሉ እንዲያውሷት ለመነቻቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። እኔ አህያዋ ላይ ሆኜ ከበሮ እመታለሁ፣ ግጥም አወጣለሁ፤ የቡድናችን ስድስት ልጆች ዙሪያዬን እየተቀበሉ ይጨፍራሉ። አለቀ። ሦስት ቀን ተለማመድን። በአማርኛም በአገራችን ቋንቋ በኽምጣናም ግጥሙ እየመጣልኝ ሄደ። “ማካተት” የሚባል ቃል ያኔ አንዳችንም ሰምተን አናውቅም።

የበዓሉ ዕለት መጀመሪያ ሁሉም ቡድን የሚገናኘው ሜዳ ላይ ነበር። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ የእንጨት መድረክ ተሠርቷል። ገና ሜዳው ጠርዝ ላይ ስንደርስ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ እየሮጠ መጣ። ስሙን አልጠራውም። በዓሉን ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለነበር ልጆቹ “ኮሚቴው” ይሉታል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዓይነት ሰው ነው።

“ቆይ፣ ቆይ! ይቺ ልጅ አካል ጉዳተኛ ናት አይደል?” አለ። የጠየቀው እኔን አይደለም፣ ዝማምን ነው።

“ከበሮ መቺያችን ናት” አለችው።

“አይደለም፣ የክብር እንግዳ ናት። ለአካል ጉዳተኞች ፕሮግራም ተይዞላቸዋል። ደግሞ አህያ ሜዳ ውስጥ አይገባም፣ ገጽታ ያበላሻል።”

“ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ልጫወት ነው” አልኩት።

“ትዝናኛለሽ እንጂ! ዛሬ እናንተ የምትዝናኑበት ቀን ነው!” አለና ወረቀቱን አሳየኝ። እውነትም ተጽፏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሁለት ሚሊሻዎች በብብቴ ይዘው እንደ ዱቄት ከረጢት አንጠልጥለው መድረኩ ላይ አወጡኝ። እኛን ሊያከብሩበት ያሰቡት መድረክ አምስት ደረጃ ነበረው። ኮሚቴው ክራንቾቼን “ሰው እንዳያደናቅፉ” ብሎ ተቀበለኝና መኪና ውስጥ አስቆለፈባቸው። ከዚያ መፈክር የተጻፈበት ሰፊ ቲሸርት በቀሚሴ ላይ አጠለቀልኝ። ዝማም በማለዳ ያሰረችልኝን ሻደይ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። አንድ ለስላሳና አንድ ብስኩት ሰጠኝ። እንግዲህ መዝናናት ማለት ይህ ነው። እግር የሌለውን ሰው መጀመሪያ አህያውን፣ ቀጥሎ ከበሮውን፣ ቀጥሎ ክራንቹን ቀምቶ ብስኩት መስጠት።

አጠገቤ አያ ሞላ ተቀምጠዋል። በጦርነቱ አንድ እግራቸውን ያጡ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ አንቺንም ሰቀሉሽ?”

“እርስዎ ከዚህ በፊትም መጥተው ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“ሦስተኛዬ ነው። በይ ብስኩቱን ብዪ፣ መውረጃው ሩቅ ነው።”

ሳቅሁ። ከታች ጓደኞቼ ሲጫወቱ ይታየኛል። ከበሮውን ሌላ ልጅ ይዛዋለች፤ ምቱ እየጠፋባት ዝማም ደጋግማ ወደኔ ትመለከታለች። እኔ ከሰው ሁሉ በላይ ተቀምጬ ጉልበቴን እመታለሁ።

በመጨረሻ ኮሚቴው ማይክራፎን አፌ ላይ ደቀነና “ስለተደረገልሽ እንክብካቤ ምስጋና አቅርቢ” አለኝ።

“ወርጄ ከጓደኞቼ ጋር መጫወት ነው የምፈልገው” አልኩ። ድምፄ ሜዳውን ሞላው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ኮሚቴው ማይኩን ነጠቀኝና “ሰማችሁ? እንዴት ያለ ሞራል ነው!” ብሎ ጮኸ። አንዲት እንግዳ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ያወረደኝ ግን የለም። እኔ እኮ የተናገርኩት ግልጽ አማርኛ ነው።

ከዚያ እንግዶቹ ለምሳ ተነሡ። መኪኖቹ ተከታትለው ሄዱ፤ ክራንቾቼም አብረው ሄዱ። ካፊያ ጀመረ። መድረኩ ላይ መቅረታችንን ያስታወሰ አልነበረም። አያ ሞላ “ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ መስቀሉን እንጂ ማውረዱን አይችሉበትም” አሉ።

ዝማም አህያዋን እየጎተተች መጣችና መድረኩ ጥግ አስጠጋቻት። የመድረኩ ወለልና የአህያዋ ጀርባ እኩል ሆኑ። ማንም ሳይሸከመኝ ተንሸራትቼ ተቀመጥኩ። ኮሚቴው በዕድሜው አንድ ጠቃሚ ነገር ሠርቷል ከተባለ ይህ ነው፤ መድረኩን በአህያ ልክ ነው የሠራው። ቲሸርቱን አውልቄ አህያዋ ጀርባ ላይ አነጠፍኩት። አያ ሞላንም ልጆቹ ደግፈው አወረዷቸው።

ያን ቀንና ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቀናት ያለ ክራንች ሻደይ ተጫወትኩ። ጭቃ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ፣ ዳገት ቁልቁለት። እጄ እስኪላጥ ድረስ ከበሮ መታሁ። እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ዝማም አህያዋን ወደ አንድ ግቢ አዞረች። የኮሚቴው ቤት ነው። ሰውዬው ወጣና ሲያየኝ ክው አለ። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ሻደይ ለመጣበት ሰው አለመስጠት ነውር ነው። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። ወደ ውስጥ ገብቶ የራሴን ክራንቾች ይዞ ተመለሰ። በሁለት እጁ፣ እንደ ሽልማት ዘረጋልኝ።

“ይኸው፣ ስጦታሽ!” አለ።

ተቀበልኩት፤ ከዚያ ከበሮዬን መታሁ፦

ሻደይ ልንጫወት ከቤቱ ብንመጣ፣
የራሴን ምርኩዝ ስጦታ አርጎ አወጣ።

ልጆቹ ተቀበሉኝ፣ ቀጥሎም ጎረቤቱ ሁሉ። ኮሚቴው ጥርሱን ነክሶ ከማጨብጨብ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሚስቱ ሆዷን ይዛ እየሳቀች አንድ ቁና ባቄላ አወጣችልን። እሷን አሞግሰን ወጣን።

ጥር ላይ አገባሁ። ያ ሻደይ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው፤ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ልቤ ይሞቃል። ኮሚቴው ጡረታ ወጥቷል መሰለኝ፤ የእሱ ቢጤዎች ግን አሁንም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። “ወደ ጨዋታው ልናስገባችሁ ነው” ይሉኛል። እኔ እኮ ገብቼ ነበር። ያወጡኝ እነሱ ናቸው።