ነጭ ጋውኗን አውልቃ ቱታ የለበሰችው ቀመር

በ1972 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ውስጥ የቀመር አብዱላሂን ሥራ በቅጡ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። ሐኪም አይደለችም፤ ነርስም አይደለችም። በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን ቁልፍ መቆለፍ፣ ማንኪያ መያዝ፣ የጫማ ክር ማሰር ታለማምዳለች። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየምና እጁን ጥይት ያገኘው ብዙ ነው። ግማሽ አካሉ የከዳው ሽማግሌም፣ ጣቷን ማሽን የበላባት ሴትም ወደ እሷ ይላካሉ። አዲስ አበባ ሠልጥና ያመጣችው ወረቀት «የተሃድሶ ሕክምና ባለሙያ» ይላታል። የመጋላ ሰፈር ሰው ግን «የእጅ አስተማሪዋ» ብሎ ይጠራታል። እናቷ ዳሃቦ ደግሞ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ ዶክተር ነች» ብላ ትገላገላለች።

ክፍሏ ውስጥ ሳቅ አይጠፋም ነበር። ሸሚዙን መቆለፍ አቅቶት የሚበሳጭ ሰው ሲገጥማት «አቦ ተረጋጋ! ሸሚዙ የትም አይሄድብህ» ትለዋለች። ሹም ይሁን ተራ ሰው፣ ሼህ ይሁን ቄስ፣ በድሬ ደንብ ለእሷ ሁሉም «አንተ» ነው። የክፍሏ ኃላፊ ሲስተር አለምብርሃን ከጎንደር ተዛውረው የመጡ ሰሞን፣ ቀመር አንድ ሻለቃን «ና እስቲ፣ እጅህን አሳየኝ» ስትል ሰምተው በድንጋጤ ክው ብለው ነበር። ሻለቃው ግን ስቆ እጁን ዘረጋላት። ከዚያ ወዲህ ቀመር «እርስዎ» የምትላቸው ሰው ቢኖር ሲስተርን ብቻ ነው፤ እሱንም እየረሳች።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በዓብዱልአዚዝ ነው። ዓብዱልአዚዝ ቀፊራ ገበያ በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን አስቀምጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ከጋሪ ወደቀና ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመለት፤ ነርቩ ግን ተጎድቶ ስለነበር ጣቶቹ ይታጠፋሉ እንጂ መዘርጋት እምቢ አሉት። መቀስ ይዘጋል፣ መልሶ መክፈት አይችልም። ልብስ ሰፊ መቀስ ካልከፈተ ምን ቀረው?

ቀመር ያልሞከረችው ነገር የለም። የእጁን አንጓ በቆዳ ደግፋ አሰረችለት፣ ጭቃ አስጨመቀችው፣ ጠጠር ከሣህን ወደ ሣህን አስለቀመችው። ወራት አለፉ። ጣቶቹ ያው ናቸው። በየጠዋቱ «ነገ ይሻልሃል» ስትለው፣ አፏ ይበለው እንጂ ልቧ አላመነበትም ነበር። ዓብዱልአዚዝም ይህ አልጠፋውም። አንድ ቀን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ስሚኝ ቀመር» አላት፤ «እጄን ስታስተምሪ ከረምሽ። ወላሂ እጄ ደደብ ነው፣ አይገባውም። አሁን ደግሞ እስቲ መቀሱን አስተምሪው!»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀመርም ሳቀች። ወደ ቤት ስትመለስ ግን ሳቁ ለቋት ነገሩ ብቻ ከእሷ ጋር ቀረ። መቀሱን አስተምሪው። ለምን አይሆንም?

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእህቷ ባል ተማም ዘንድ ሄደች። ተማም በምድር ባቡር ወርክሾፕ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ሰው ነው። ድሬ በዚያ ሰዓት በሙቀቱ ታሽጋ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ገብቷል። ተማም ምንጣፉ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን እየቀነጠሰ ነበር።

«ተማም፣ መቀስ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል?»

«በጂን ነው በሞላ?»

«አትቀልድ።»

«መቀለዴ አይደለም። ሞላ ካስገባሽበት ይከፈታል። ስንት ሰው ነው መቀስ መክፈት ያቃተው?»

«ለጊዜው አንድ።»

ተማም ለአንድ ሰው ብሎ ከምንጣፉ የሚነሳ ዓይነት አልነበረም፤ የሚስቱን እህት ግን መከልከል አልቻለበትም። ከአሮጌ ፔጆ ወንበር ሞላ ነቀሉና ከመቀሱ ሁለት እጀታዎች መሃል በየዱት። የመጀመሪያው ሙከራ ለወሬ የሚመች ነው፤ ሞላው ከመጠን በላይ ጠንካራ ስለነበር መቀሱ ከዓብዱልአዚዝ እጅ እንደ ፌንጣ ዘሎ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ። በቀጭን ሽቦ የተሠራው ሁለተኛው ግን ሰመረ። ዓብዱልአዚዝ ጨመቀው፣ ተዘጋ። ላላ አደረገው፣ ራሱ ተከፈተ። ጨመቀ፣ ላላ። ፊቱ ተለዋወጠ። የሚቆረጥ ነገር ቢፈልግ አጠገቡ ካለው አልጋ ላይ አንሶላ አየና ሳያስፈቅድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደው፤ ቀጥ ያለ፣ የሰፊ እጅ ያለበት መስመር።

ሲስተር አለምብርሃን የገቡት ይኼኔ ነው።

«የመንግሥት አንሶላ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ የዓብዱልአዚዝን እጅ አዩ። መቀሱ ሲከፈትና ሲዘጋ ቀረብ ብለው ተመለከቱ። በመጨረሻም «በዚያኛውም በኩል ቀጥ አድርጎ ይቁረጠው፤ ፋሻ ይሆነናል» አሉና ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀመርን አንድ ነገር ያዛት። ሰው ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው እጁን ትታ ማንኪያውን ታያለች። ባልዲ ማንሳት ሲያቅተው የባልዲውን እጀታ ትመረምራለች። ከሰዓት በኋላ ተማም ዘንድ ሄዳ እንጨት ስትሞርድ፣ ሽቦ ስታጥፍ ይመሻል። ጠዋት ክፍሏ ስትገባ ደግሞ እግሯ ይከብዳት ጀመር። ሕሙማኑን ጠልታ አይደለም። የማይድነውን እጅ ይድናል እያሉ መዋል ሰልችቷት ነው። ከወርክሾፑ ስትወጣ ግን እጇ ውስጥ የሆነ ነገር ይኖራል፤ ቢበላሽ እንኳ ተበላሸ ብሎ በግልጽ የሚናገር ነገር።

በዓመቱ መንግሥት ከባቡር ጣቢያው ከለገሃር ብዙ ሳይርቅ አካል ጉዳተኞችን የሚረዱ መሣሪያዎች የሚሠሩበት አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈተ። ተማም ኃላፊ ሆኖ ተዛወረ። የምርቃቱ ዕለት በዚያ ፀሐይ ሦስት ጓዶች ተራ በተራ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ቀይ ሪባኑን እንዲቆርጥ የተጠራው ግን ዓብዱልአዚዝ ነበር። በመቀሱ ቀጭ አድርጎ ቆረጠውና የተረፈውን ጨርቅ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ወርክሾፑ ብረት የሚያውቅ ሰው ሞልቶታል፤ ሰው የሚያውቅ ግን አልነበረውም። እንዲህ ያለ ሰው እንደሚፈለግ ለቀመር የነገሯት ሲስተር አለምብርሃን ራሳቸው ናቸው።

«ከሕክምና ሥራ ውጪ የሆነ መደብ ነው» አሏት። «ሕሙማን አይኖሩሽም። ጋውንም የለም። እኔ እንድትሄጂ አልፈልግም፤ ሰው ጎድሎብኛል።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?»

«ብደብቅሽ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

እናቷን ማሳመን ከዚህ ይብስ ነበር። ዳሃቦ ጉዳዩን ሰምታ እጇን ጭኗ ላይ ጣለች።

«ነጭ ጋውን አውልቀሽ ቱታ ልትለብሺ? እኔ አሁን ለሰው ምን ልበል? ልጄ ዶክተር ነበረች፣ አሁን ጋራዥ ገባች ልበል?»

«እማ፣ ዶክተር ሆኜ አላውቅም እኮ።»

«እሱን እኔና አንቺ ነን የምናውቀው!»

ቀመር ሄደች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሽንፈት በሽንፈት ነበሩ። «እጀታው ወፈር ይበል» ስትል ሠራተኞቹ ውፍረት መለኪያ ካሊፐራቸውን ይዘው «ስንት ሚሊ?» ይሏታል። «ወፈር ነዋ!» ትላለች። እነሱ ደግሞ «ወፈር» የሚባል ቁጥር የለም ይላሉ። ተማም በመሃል ገብቶ ይስቃል። ጋውኗ የናፈቃት፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ እንባዋን የጠረገችባቸው ቀናት አልጠፉም። በመጨረሻ ጭቃ አድቦልቡላ ሆስፒታል ሄደች፤ እያንዳንዱን ሰው በሚችለው መጠን አስጨመቀችና የጣቶቹን ቅርጽ የያዘውን ጭቃ አድርቃ ጠረጴዛቸው ላይ ደረደረች። «ይኸው ሚሊያችሁ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ መግባባት ሆነ።

ከሁሉ የበለጠ የምትኮራበት ሥራዋ ለቦጋለች የሠራችው ቢላዋ ነበር። ቦጋለች ከድሬ ወጣ ብሎ ባለው መልካ ጀብዱ ሽንኩርት የምታለማ ገበሬ ናት፤ እሳት እጇን እስከ ትከሻዋ አቃጥሎት ጣቶቿ ተቆራምደዋል። ቀመር በመዳፍ የሚያዝ፣ እጀታው ወደ ላይ የቆመ ቢላዋ ሠርታ ላከችላት። ከወራት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ልትጎበኛት ሄደች። ቦጋለች በደስታ ተቀበለቻት። ቢላዋውን ግን ባልየው የአጥር እንጨት ይጠርብበት ነበር።

«አልተመቸሽም እንዴ?» አለች ቀመር፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ኧረ ግሩም ቢላዋ ነው! ግን እህቴ፣ ለመክተፉማ ልጆቼ አሉልኝ። እኔን የቸገረኝ ፀጉሬ ነው።»

«ፀጉርሽ?»

ቦጋለች ሻሿን ገፋ አድርጋ ያልተበጠረውን ፀጉሯን አሳየቻት፤ ወዲያው መልሳ ሸፈነችው። «እጄ እዚህ አይደርስም። በየጠዋቱ ሰው ለምኜ ነው የምበጠረው። ሰው ደግሞ ይሰለቻል።»

ቀመር መሬት መሬት አየች። ይህችን ሴት ስንት ጊዜ እጇን ይዛ ለክታታለች፤ ምን እንደቸገራት ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። ከሆስፒታል ስትወጣ ከሰው ጋር የሚያገናኛት ሥራ ያበቃ መስሏት ነበር። መኪናው ላይ ተሳፍራ ስትመለስ አቧራው ፊቷን እየሸፈነው፣ ስለ ረጅም ክንድ ማበጠሪያ እያሰበች መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ጫፉ የታጠፈ፣ ክንድ ላይ በቆዳ የሚታሰር ማበጠሪያ ይዛ ራሷ መልካ ጀብዱ ወረደች። ቦጋለች በሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ ማንንም ሳትለምን፣ ፀጉሯን ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ አበጠረች። ስትጨርስ «አሁን ዞር በይልኝ፣ ልድገመው» አለች።

ከዚያ ወዲያ በወርክሾፑ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ፤ ማንም ባለጉዳዩን ምን እንደቸገረው ሳይጠይቅ ብረት አይቆርጥም። ቀመር በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል፣ አንድ ቀን ገጠር ትውላለች። ዳሃቦም ቀስ በቀስ ተለሳለሰች፤ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ የዶክተሮቹን ዕቃ የምትፈለስፍ ነች» ማለት ጀመረች፤ ይህም ትንሽ የተጋነነ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ከውጭ አገር በዕርዳታ የተላኩ ተሽከርካሪ ወንበሮች መጡ። የሚያብረቀርቁ፣ የሚያምሩ ነበሩ፤ ለሲሚንቶ ወለል የተሠሩት ቀጫጭን ጎማዎቻቸው ግን የድሬ አሸዋ ውስጥ ሰምጠው ቀሩ። ቀመርና ተማም ጎማዎቹን አወለቁና ሰፋፊ የሞተር ሳይክል ጎማ ገጠሙላቸው። መሞከሪያው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው፣ በጋ ላይ አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ።

እሑድ ጠዋት አየሩ ገና ሳይግል ወረዱ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ዲሪዬ ነበር፤ ሁለት እግሮቹን ያጣ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ሲጋራ የሚቸረችር ወጣት። ከጦርነቱ ወዲህ ያንን ወንዝ ያለ ሰው ጀርባ ተሻግሮት አያውቅም። የወንዙ ዳር በሰው ተሞላ። ዲሪዬ መዳፎቹን ጎማዎቹ ላይ አሳርፎ ገፋ። ወንበሩ ተንገዳገደ፣ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። መሃል ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። ወዲያ ማዶ ሲወጣ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘ።

«ዋሪያ፣ እናንተዬ!» ብሎ ጮኸ፤ «ቀፊራ የምትልኩኝ ነገር አለ?»

መልስም ሳይጠብቅ ወደ ገበያው ታጠፈ።

«አንተ! ና እንጂ!» አለ ተማም ደንግጦ። «ወንበሩ ገና ቀለም አልተቀባም እኮ! ቀመር፣ ጥሪው!»

ቀመር አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አራገፈች። «ተወው፣ ይሂድ» አለች፤ «ሙዝ ይዞልን ይመጣል።»