ከሕይወት ታሪኩ የቀረው የአባዬ ሥራ

የቤቴን በር በማለዳ ስከፍት የማኅበራችን ሴቶች በረዶው ላይ ቆመዋል። እዚህ ሰሜን አውሮፓ መርዶ የሚያረዱኝ እነሱ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ሳይ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ አወቅሁ። አባዬ አርፎ ቡራዩ ተቀብሯል። አለቀስኩ፤ ቆርቦ ስለሄደም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

የተናደድኩት በማግስቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ የቀብሩን ቪዲዮ ላከልኝ። ከፍትሐቱ በኋላ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። የት እንደተወለደ፣ መቼ እንዳገባ፣ ከዚያ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ተባለ። በቃ።

የአባዬ የግል ሥራ የወፍና የእንስሳ ድምፅ ማስመሰል ነበር። ሰርግ ላይ፣ ሆቴል ሲመረቅ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይጠሩታል። ቆቅ ይሆናል፣ ቁራ ይሆናል፣ አህያ ይሆናል። በግ ሲሆን ሰው ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ በጉን ይፈልጋል።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«እህት ዓለም፣ አማቶቼና አለቃዬ በቆሙበት፣ አባታችን ዕድሜ ልካቸውን እንደ አህያ ሲያናፉ ኖሩ ብዬ ላስነብብ?»

«አዎ፣ አስነብብ። አንተን ቢሮ ያስገባህ ያ አህያ ነው።»

እዚያ ርቀሽ ሆነሽ መናገር ቀላል ነው ብሎ ዘጋው። ልጆች ሆነን የሰፈሩ ልጆች የአህያው ልጆች ሲሉን፣ እሱ አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ ግን መልሼ አናፋባቸው ነበር። ዛሬም አንገቴን አልደፋም።

ሰው ሆኖ ተፈጥሮ እንደ እንስሳ መጮህ ኃጢአት ነው የሚሉም ነበሩ። እግዚአብሔርን ፈሪ ሴት ነኝ፤ ያለ ጸሎት ከቤት አልወጣም። ግን ያን ጉሮሮ የሰጠው ማን ሆነና ነው? በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለሌለ አባዬ ሥራ አይኖረውም። ያኔ ሰበታ፣ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ዘንድ ሄዶ በነፃ ያሰማቸዋል። አንዴ አብሬው ሄድኩ። ዋኔ፣ ያቺ የዱር እርግብ፣ ሆኖ ሲያንጎራጉር አንዲት ተማሪ፣ ይቺስ ዝናብ መትቷታል አለች። በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ አባዬ ይህንኑ ሲደጋግም መጣ፤ እውነትም ሲያንጎራጉር በልቡ ያሰባት ዝናብ የመታት ዋኔ ነበረች።

ሱሉልታ ላይ የሆነው ግን ራሱንም አስደነገጠው። ወተት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ኦቦ ልጃቸውን ሲድሩ ጠሩት። ድንኳኑ ውስጥ እናቱን የሚጣራ ጥጃ ሆኖ ጮኸ። ጓሮ ታስራ የነበረች፣ ጥጃዋ በዚያው ሰሞን የሞተባት ላም ገመዷን በጥሳ ገባች። የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ገልብጣ አባዬ ፊት ቆመች፤ ደረቱን ታሸተው ጀመር። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«እኛን እንደ ፈለግህ አታልለን» አሉት። «እሷን ግን ተዋት።»

ከዚያ ወዲያ የትም ሲጠራ፣ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት አጠገብ የታሰረች ላም መኖሯን ይጠይቃል። ካለች ጥጃውን አይነካውም፤ ቢለምኑትም፣ ጭማሪ ቢሰጡትም። እንዲህ የሚጠነቀቅለት ሥራ ነው እንግዲህ ወንድሜን ስሙን ለመጥራት ያሳፈረው።

አሁን አርባው እየደረሰ ነው። ወንድሜ ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ሊያስነብብ ነው፤ እኔ መምጣት አልችልም። ስለዚህ ሱሉልታ ሰርጉ ላይ የነበራችሁ፣ ሰበታ ተማሪ ሆናችሁ የሰማችሁት፣ እባካችሁ ቡራዩ ቤታችን ሂዱልኝ። ጸሎቱ ሲያበቃ ተነሥታችሁ አባዬ ምን እንደነበረ ተናገሩ። ወንድሜ ቢገላምጣችሁም አትቀመጡ። ድምፁን በስልክ የቀዳችሁ ካላችሁም፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ አሰሙ። ጥጃውን ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ ጎረቤት የታሰረች ላም መኖሯን ጠይቁ።