የግል አዳኝ

መሐል ሜዳ ወንጌላዊ ሆኜ ስመደብ አብሮኝ የመጣ ሰው አልነበረም። ጉባኤያችን የምለው አንድ የኪራይ ክፍል፣ ስምንት የፕላስቲክ ወንበርና እሑድ እሑድ የሚመጡ አራት ሰዎች ነበሩ። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው መንዝ፣ ቀየት ነው። ዘመዶቼ ግን እምነቴን ከለወጥኩ ወዲህ ደጄን አይረግጡም።

የተከራየሁት ከአንድ ሽማግሌ ግቢ ነው። ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ገበሬና ሸማኔ ናቸው። ለእኔ ማከራየታቸውን ጎረቤት አልወደደላቸውም፤ «ጴንጤም ቢሆን ይበርደዋል» ብለው መለሱ አሉ። ከሰዓት በኋላ ሽመናቸው ላይ ሲቀመጡ እኔ አጠገባቸው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። «አንተ ልጅ፣ ቆሎ ቅመስ እንጂ» ይሉኛል። በዚያ ከተማ «አንተ ልጅ» ብሎ የሚጠራኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ የተማርኩት፣ ዛሬም የማምነው፣ ሰው በእናት በአባቱ እምነት አይድንም የሚለውን ነው። በራሱ ልብ አምኖ በራሱ አፍ መመስከር አለበት። ሳትነግረው ከሞተ ተጠያቂው አንተ ነህ። ይህን የሚያምን ሰው ዝም ብሎ ቆሎ መቆርጠም አይችልም። እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ ቆረጠምኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት ቁጣቸውን አይደለም፤ ያችን በርጩማ እንዳላጣት ነው። ስጸልይ ራሴን እወቅሳለሁ፦ እኝህን ደግ ሰው ለእፍኝ ቆሎ ብዬ ለሲኦል ላሰናብት ነው?

በሁዳዴ አንድ ቀን ሲያስላቸው ዋለ። ሳሉ አስፈራኝ። መወርወሪያውን እስኪያስቀምጡ ጠበቅኩና፣

«አባባ፣ ኢየሱስን እንደ ግል አዳኝዎ ተቀብለዋል?» አልኳቸው።

«እንደ ምን?»

«እንደ ግል አዳኝ።»

«የግል?» አሉ። «ይኼ የማርሰው መሬት እንኳ የግሌ አልሆነልኝ፤ የመንግሥት ነው ይሉኛል። መድኃኔ ዓለም ነው የግሌ የሚሆነው? የሁሉ አይደለም እንዴ?» ሳቁ።

አብሬ ብስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ልባቸው የተከፈተ መሰለኝና ቀጠልኩ። የአርባ ቀን ጥምቀት እንደማያድን፣ ጾምና ስለት እንደማይረባ፣ ዛሬ ቢሞቱ የት እንደሚሄዱ እንደማያውቁ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ ለሚያስል ሽማግሌ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው አልችልም።

አልተቆጡም። መወርወሪያውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ ደጅ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አነሱና «እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

አንቱ አሉኝ። የልጅ ልጃቸው የምሆነውን ሰው። ቤቴን ልቀቅ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቆሎው አልተቋረጠም፤ በሳህን ሆኖ በባለቤታቸው እጅ ክፍሌ ድረስ ይመጣል። እበላዋለሁ፣ ሳህኑን አጥቤ እመልሳለሁ። እዚህ የመደበኝ ኃላፊዬ ሲደውል «መስክሬላቸዋለሁ፣ አልተቀበሉም» አልኩት። «ተባረክ፣ ያንተ ድርሻ አልቋል» አለኝ። ድርሻውን የጨረሰ ሰው እንዲህ እንደሚከፋው ግን ማንም አላስተማረኝም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ሲቀበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆምኩ፤ የከለከለኝም ግባ ያለኝም የለም። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ተቀምጦ እያለ ከጎኔ የሁለት ሰው ቦታ ባዶ ቀረ። አለቀስኩ፤ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

አርባቸው ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ባለቤታቸው ክፍሌ መጡ።

«ልጄ፣ የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

«ምን ሊያደርግልዎ ነው፣ እማማ?»

«ከሁዳዴ ወዲህ እሳቸው በየወሩ ጽዋ ማኅበራቸው ላይ ‹ቤቴ ያለውን እንግዳ በጸሎት አስቡልኝ፣ ሰው የለውም› ሲሉ ነበር። ቄሱ ስሙን አምጡ ይሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ እንዳይከፋህ ብለው መጠየቁን ፈሩ። በተዝካራቸው እኔ ላስጠራህ ብዬ ነው።»

እኔ ሰውን ከወገኑ ለይቼ ለብቻው ስጠይቅ፣ እሳቸው ምንም ሳይጠይቁኝ ከወገናቸው ደምረውኝ ኖረዋል።

ቀየት በአርባ ቀኔ ቄስ ያወጣልኝ ስም አለኝ። ግን ያንን ጥምቀት አይረባም ብዬ በእሳቸው ፊት ተናግሬያለሁ። አሁን ስሙን ብጠራ ያኔ ያልኩት ሁሉ የሚፈርስብኝ መሰለኝ። ወይም ኩራት ነው፤ አሁንም አልለየሁትም።

«የለኝም፣ እማማ» ብዬ ዋሸሁ።

ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዲያስ» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «እንግዳ እንደተባልክ ትቀራለሃ።»