ከውጭ የተቀረቀረ ጓዳ

ልጅ ሳለሁ የገና ወሬ ወደ ቤታችን የሚመጣው ገና ካለፈ በኋላ ነበር። ይዘውት የሚመጡት የአባቴ አጎት አባባ በየነና ባለቤታቸው እማማ ዘውዴ ናቸው። ሁለቱም ስልሳን ያለፉ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ አባቴ የሚጸልይበት የለንደን ሐበሾች የወንጌል ኅብረት ወደ ዛምቢያ የላካቸው አገልጋዮች ነበሩ። ዓመቱን እዚያ፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ሲያስተምሩ ይከርሙና ጥር ሲጋመስ ለእረፍት መጥተው ዊልስደን በነበረችው ጠባብ ቤታችን ይሰነብታሉ። አባባ በየነ ሳሎን ከወንድሞቼ ጋር፣ እማማ ዘውዴ ደግሞ ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ይተኙ ነበር።

ያኔ በብርዱ ወራት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጨልሞ ይጠብቀናል። መስኮቱ ከውስጥ ያልበዋል፤ የታጠበው ልብስ በየወንበሩ ተሰጥቶ ቤቱ እርጥብ ሱፍ ይሸታል። እናቴ መብራቱን አጥፍታ የጋዝ ማሞቂያውን ብቻ ስትተወው፣ ከብረት መረቡ ኋላ እንደ ፍም የሚቀላው ነገር ጉልበታችንን ያበራልናል፤ እኛም በዚያች ብርሃን ዙሪያ ተጠጋግተን አባባ በየነ ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ እንጠብቃለን። ውጭ መውጣት የለም። ቤት ውስጥ መሮጥም የለም፤ እግራችን ኮሽ ባለ ቁጥር ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድቡብናል። ስለዚህ ያ ያላየሁት ሐሩር አገር ለእኔ የቤታችን ብቸኛ መውጫ ነበር።

አባባ በየነ ያለ «እህ» ባይ አይተርኩም። «እህ የማይባልለት ሰው ከግድግዳ ጋር የሚያወራ እብድ ነው» ይሉ ነበር። የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ሥራው የእኔ ነው። እሳቸው አንድ ነገር ብለው ቆም ይላሉ፣ እኔ «እህ» እላለሁ፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። ሐሳቤ ሄዶ ዝም ያልኩ እንደሆነ አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ቢንያም በክርኑ ይጎሽመኛል።

«ገና ነው፤ ፀሐዩ ግን ድንጋይ ይሰነጥቃል» ብለው ይጀምራሉ።

«ገና በሰመር? ኖ ዌይ!» ይላል ቢንያም፣ በየዓመቱ።

«አንተ የለንደን ጫጩት! እግዜር ፀሐይን ከእናንተ ስለደበቃት ከሁሉም የደበቃት መሰለህ?»

ከዚያ የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ በሙቀት ብዛት ቋ፣ ቋ ሲል እንሰማለን። ለበዓሉ የተደረደሩት ሻማዎች ሳይለኮሱ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሽማግሌ ሲያዘነብሉ እናያለን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች የክት ልብሳቸውን በራሳቸው ተሸክመው ከግንድ በተፈለፈለ ጀልባ ይሻገራሉ። እማማ ዘውዴ ለእንግዶቹ የጋገሩት ድፎ ዳቦ ጓዳ ተቀምጧል፤ ጦጣዎች ሽታው ስቧቸው ከማንጎው ዛፍ ወርደው በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። የስብከቱ ሰዓት ደርሷል። «እኔስ ማን ነኝ! መወርወሪያውን ከውጭ ቀረቀርኩት!» ይላሉ አባባ በየነ፤ ተነሥተውም መወርወሪያውን መክፈት አቅቷት ራሷን የምታክከውን ጦጣ ይሆኑልናል። ወንድሞቼ በሳቅ ይንከባለላሉ። ከዚያ ስብከቱ ይቀጥላል፤ «አሜን» ሲባልም ለሳምንታት ጠፍቶ የነበረው ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል። በዚህ ሁሉ መሃል እማማ ዘውዴ ሳቁን ሳይካፈሉ ልብስ ይጠግናሉ።

ዐሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ሲመጡ ኅብረቱ ለተጨማሪ ሦስት ዓመታት ሊልካቸው ወስኖ ነበር፤ በመካከሉ እረፍት የለም። አባባ በየነ «እሺ» አሉ፤ የእሳቸው እሺታ የሁለቱም ተደርጎ ተቆጠረ። እማማ ዘውዴን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔ ግን አጠገባቸው ስለምተኛ ጸሎታቸውን እሰማ ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ አልቻልኩም፤ አንተ ንገርልኝ» ይላሉ፣ ደጋግመው። ምኑን እንደሆነ አላወቅሁም።

የሽኝቱ ጸሎት እሑድ ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣዎቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ እኛም ማሞቂያው ዙሪያ ተቀምጠን የመጨረሻውን ተረት እንሰማለን። አባባ በየነ መወርወሪያው ላይ ደረሱ፤ ቀረቀሩት፤ ጦጣዋን ሆኑ፤ ሳቅን።

«ጓዳው ውስጥ ሰው ነበር» አሉ እማማ ዘውዴ፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ።

አባባ በየነ እጃቸው ገና ራሳቸው ላይ ነበር። «ዘውዴ፣ ተረቱ እኮ አላለቀም» አሉ እየሳቁ።

«እኔስ ምን አልኩ? አላለቀም።» የሚጠግኑትን ሹራብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ዳቦውን በጨርቅ ልሸፍን ገብቼ ነበር።»

ይህን ብለው ቆም አሉ። ተራኪ እንደሚቆመው ማለት ነው። ያ ክፍተት የእኔ ነበር። አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። «እማማ፣ ነገ ብዙ ሥራ አለብን፤ ልጆቹ ቢተኙስ?» አላቸው። እማማ ዘውዴ የሚያዩት እኔን ነበር፤ ወንዝ ማዶ ቆሞ ጀልባ እንደሚጠብቅ ሰው።

«እህ» አልኩ።

«በሩ ሲቀረቀር ሰማሁ። አንቱ! ብዬ ተጣራሁ፤ እሳቸው ግን እየሮጡ ነበር።»

«እህ።»

«መስኮት የለው። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰኛል። ዘነዘና አገኘሁና በሩን ደበደብኩ። ከወዲያ ከበሮው ይመታል፤ የእኔም ዱላ ከከበሮው ጋር ገጠመ። በደጅ የምታልፍ አንዲት ሴት በእኔ ምት እልል አለችልኝ።»

«ተይ አልኩሽ!» አለኝ አባቴ።

«እህ» አልኩ።

«ስብከታቸው በግድግዳው ይሰማኛል። ለማርያም በር የሚከፍትላት እንደጠፋ ነበር የሚሰብኩት። ጥሩ ስብከት ነው፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ።» እናቴ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። «ዝናቡ ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ዳቦ ሊያወጡ መጥተው ከፈቱልኝ። ተሸክሜ ወጣሁና እንግዳውን አበላሁ። ማታ እኚህ ‹ዘውዴ፣ ስብከቱን ከየት ሆነሽ ሰማሽው?› አሉኝ። ‹ከቅርብ› አልኳቸው።»

አባባ በየነ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቀዩ ብርሃን ፊታቸውን ከሥር ሲያበራው ያረጁ መሆናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየዓመቱ ሲተርኩት እየሰማሁ፣ ዘንድሮስ ይደርሱበት ይሆናል እል ነበር።» ከዚያ እማማ ዘውዴ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን የባላቸውን ስም ጠሩ። «በየነ፣ እኔ እዚያ ጓዳ አልመለስም። አገሩ ሁሉ ለእኔ ያ ጓዳ ነው። እርስዎ ሂጂ ቢሉኝም አልሄድም።»

እኔም እንደገና «እህ» አልኩ። ምን ሌላ ይባላል?

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሊጭኑባቸው ሲነሡ አባባ በየነ ብቻቸውን ወደፊት ወጡ። «አንሄድም፤ እኔ ደክሞኛል» አሉ። የእማማን ስም አላነሡም። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ አንዱ «ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት» እያለ ሲያሽሟጥጥ አጠገቤ ሰማሁት። እሳቸው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሁሉንም ተቀበሉት።

ከጊዜ በኋላ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ዌምብሊ ውስጥ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ፍላት ሰጣቸው። እማማ ዘውዴ እዚያ እንደ አዲስ ተወለዱ ማለት ይቻላል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀመሩ፤ ባስ እየቀያየሩ እስከ ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ይሄዱና ከባለሱቆቹ ጋር በምልክት እየተከራከሩ፣ እየሳቁ ይመለሳሉ። አባባ በየነ ግን ከቤት አይወጡም። ሊፍቱ ያፍናቸዋል፤ መንገዱ ይበርዳቸዋል፤ ኅብረቱ ውስጥ ዓይን ይበዛባቸዋል። በር መዝጋትም ተዉ። የመኝታ ቤቱን፣ የወጥ ቤቱን፣ የመጸዳጃውን ሳይቀር ከፍተውት ይሄዳሉ። «ብርዱን አስገቡት እኮ!» እማማ ሲሏቸው ተመልሰው ገርበብ ያደርጉትና እጀታውን እንደያዙ እዚያው ይቆማሉ።

አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ሄድን። ካፖርታቸውን ቤት ውስጥ ለብሰው መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። ተረት እንዲነግሩን ለመንኳቸው፤ «ሌላ ሰው ይንገራችሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ በአቅራቢያው ካለው ስታዲየም በኩል የሕዝብ ጩኸት እያደገ መጣ። እሳቸው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ።

«ዝናብ ነው?»

«ኳስ ነው፣ አባባ።»

«እ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እዚያው ፍላት ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አንዲት ልጅ በአንድ ቃል አገልግሎት አቋረጠች ይለኝ ነበር፤ ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ እውነት። እናቴ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የምትለው፦ «በሕይወትሽ የሠራሽው ደግ ሥራ እሱ ነው።» እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ፤ ችግሬም እሱ ነው። ከአባባ በየነ ቀብር በኋላ እማማ ዘውዴን፣ ያን ጊዜ ዝም ብዬ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሻይ እየቀዱልኝ ነበር።

«እኔ ከጓዳው ስወጣ እሳቸው ገቡ» አሉ። «ሁለታችንም የምንወጣበትን በር እኔ ባለትዳሯ ያላገኘሁትን፣ አንቺ የዐሥር ዓመት ልጅ ከየት ታመጪዋለሽ? ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።»

ዛሬ አርባን ካለፍኩ ቆይቻለሁ። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር፣ ከሥራ በጨለማ ስመለስ፣ ባሱ ዌምብሊን ሲያልፍ ወደ ሰባተኛው ፎቅ አላይም፤ ስልኬን አያለሁ። ያቺ ማታ ብትመለስ ያንኑ «እህ» እንደምል አውቃለሁ። እማማም እንደገና ይስቃሉ። አባባም እንደገና ካፖርታቸውን ለብሰው እዚያ ይቀመጣሉ።