በአመዳይ ላይ የተተከለ ድንኳን

ጠዋት ጠዋት ሃክኒ ገበያ ላይ መደቤን ስዘረጋ፣ ጎረቤቴ ዶሮ ጠባሹ ከሰሉን ያያይዝና ሽታው በብርዱ ውስጥ ይደርሰኛል፤ ያን ጊዜ እጄ የያዘውን ስሊፒንግ ባግ፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ እንደያዘ ይቀራል። የምኖረው የብርድ መከላከያ ሸጬ ነው፤ ይህን ሽታ የሚከላከል ዕቃ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ልጆች ሳለን እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ኤድመንተን ሰፈር እንኖር ነበር። በሰመር አባዬ በረንዳ ላይ በቆሎ ይጠብስልን ነበር፤ እማዬ ግን ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ካልከሰመ ዞር አትልም። ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲገባ ደግሞ፣ እኛ የዘጋነውን መስኮት እየዞረች ትከፍት ነበር፤ አባዬም ኤድመንተንን በሙሉ ልታሞቂ ነው ወይ እያለ ያሾፍባት ነበር።

አንድ ዊንተር አባዬ ከሚሠራበት መጋዘን ድንኳን ይዞ መጣና፣ ፈረንጅ የሚችለውን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም ብሎ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን ከእማዬ ጋር በአውቶቡስ ጭኖ ወንዝ ዳር ወዳለ ካምፒንግ ወሰደን። ምክንያቱማ ነበረ፤ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ብርድ የሚመጣው ከመሬት ነው ብሎ አባዬ ከሥራችን ካርቶን አነጠፈ፣ እማዬም ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባልን ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እግራችን ሥር ሸጎጠች። ቢሆንም ሲመሽ የዳዊት ጥርስ መንቀጫቀጭ ጀመረ። አባዬ ሥጋ የጠበስንበትን ፍም ከነትሪው አንስቶ ሊያስገባ ሲል፣ እማዬ በሩ ላይ ቆመች።

«አይገባም።»

«ጭሱ እኮ አልቋል፣ ፍም ነው። ልጆቹ በረዶ ሊሆኑ ነው።»

«አልማዝም ጭስ አላየችም» አለች እማዬ፤ «እህቴን ነው የምልህ። በር ዘግታ፣ ፍሙ አጠገብ ሞቋት ተኛች። ጠዋት ስጠራት አቤት አላለችኝም።»

አባዬ እህቷ በሕመም እንደሞተች ነበር የሚያውቀው። ፍሙን ወስዶ ውሃ ቸለሰበት።

እኔም አልማዝ ነኝ። እስከዚያ ምሽት ስሙ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ የድንኳኑን ዚፕ ገርበብ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እንቅልፍ ሸለብ ባደረገኝ ቁጥር «አልማዝ» ትላለች፣ «አቤት» እላለሁ፣ ጥቂት ቆይታ መልሳ ትጠራለች። ዳዊትን አንድ ጊዜም አልጠራችውም። ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰው እንዳይመልስላት ፈርቼ፣ ገና ስሜን ሳትጨርስ አቤት እል ነበር።

ዛሬ ከሰል ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ ሳልል ለማንም ዕቃ አልሸጥም፤ ይስቃሉ፣ ይገዛሉ። ቤቴ ኪልበርን ሰፈር ነው፣ ሂተሩን በስልኬ አበራዋለሁ፣ ከምሸጠው ሁሉ ምርጡንም ብርድ ልብስ ለራሴ አስቀርቻለሁ። እማዬ ካረፈች ቆየች። ያን ጊዜ በዚያ ብርድ እየቀሰቀሰችኝ እንኳ መልሼ እተኛ ነበር፤ አሁን የሚጠራኝ በሌለበት ቤት፣ ሞቆኝ፣ እነቃለሁ።