ያልተነበበችው መስመር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የእማማ ብርቄ ቤት ሲመረግ ላግዝ ሄጄ ነበር። ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለበት። ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ሰንብቷል፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይሰማል። ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ከውስጥ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ በውኃ እያራሱ መላጥ ነው። በየዓመቱ ለፋሲካ አዲስ ስለሚለጠፍ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ እንደ ቁርበት ወፍሯል። ከመደቡ በላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እዚያ ጋ አንዲት ገጽ ብቻ ምንም ሳይደረብባት ቀርታለች። ሌላው ሁሉ በዙሪያዋ ነው የተለጠፈው።

ውኃውን አስቀምጬ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። የሚመርጉት ሰዎች ደከመሽ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ።

በድንበሩ ጦርነት ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ስድስተኛን ጨርሼ ከትምህርት ቤት ቀርቻለሁ። ዓይን አፋርነቴ ለጉድ ነበር፤ አስተማሪው ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት አፍሬ ጣቴን ብቻ አነሣለሁ፤ ካላየኝ ቀሪ ተብዬ እጻፋለሁ። እንዲያም ሆኖ የሰፈሩ ጋዜጣ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው እናቶች ለገበያ የሚሆን አማርኛ አያጡም፤ የጋዜጣው አማርኛ ግን ይርቃቸዋል። እኔ በአማርኛ እያነበብኩ በቋንቋችን በኽምጥኛ እመልስላቸዋለሁ። ደግሞም የሰማሁትን ይዤ ከቤት ቤት አልዞርም።

ጋዜጣው ከወልድያ በአውቶቡስ ሰቆጣ ሲደርስ ቀናት አልፈውታል። መጀመሪያ በየቢሮው ይነበባል፤ ቀጥሎ ለስኳርና ለበርበሬ መጠቅለያ ወደ ሱቅ ይወርዳል። ልጃቸው ሞላ ግንባር የነበረው እማማ ብርቄ ባለሱቁን ለምነው ሳይቀደድ ያመጡታል። አንዳንዱ ገጽ በርበሬ ነክቶት ስለሚመጣ መሃል ላይ ያስነጥሰኛል፤ እናቶቹ ያን ጊዜ ብቻ ይስቃሉ።

በገበያ ቀን እማማ ጥሩም ይመጣሉ። ማራቸውን በቅል ተሸክመው ከደጋው ከጋዝጊብላ ይወርዱና፣ እንደ ሸጡ ቀጥታ ወደ እማማ ብርቄ ግቢ ነው። የሳቸው ልጅ አዳነ ከሞላ ጋር በአንድ መኪና የሄደ ነው። ከሄዱ ወዲህ ከሁለቱም ደብዳቤ አልመጣም።

የሁዳዴ አጋማሽ ነበር። ትልቅ ውጊያ መደረጉን በሬዲዮ ሰምተናል፤ እናቶቹ የሚጠብቁት ግን ጋዜጣውን ነው። የተጻፈ ነገር ተመልሶ ይታያል ይላሉ። ግቢው ውስጥ ተልባ ተበጥብጦ በእንጀራ ይበላ ነበር፤ ጋዜጣው ሲገባ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ከላይ፣ ምሽግ ላይ ቆመው በደስታ እጃቸውን ያነሡ ወታደሮቻችን ፎቶ አለ። እማማ ብርቄ ፊቶቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ፈተሹ። ሞላ የለም። አዳነም የለም።

ማንበብ ጀመርኩ። ምሽጉ መሰበሩን፣ ጠላት መሸሹን፣ የተማረከውን መሣሪያ ሁሉ በኽምጥኛ መለስኩላቸው። እልልታ ተነሣ። ከገጹ ግርጌ ስደርስ፣ ለድሉ ከወገን ብዙዎች ሕይወታቸውን እንደ ከፈሉ የምትናገር አንዲት መስመር አገኘሁ። በዓይኔ አነበብኳት፤ አፌ ግን አልከፈት አለ። የእማማ ጥሩ ሻካራ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበር።

"ልጄ፣ ሰው ሞተ ይላል?" አሉኝ።

"አይልም።"

"እስከ መጨረሻው አየሽው?"

"አይቼዋለሁ፤ አይልም።"

ስላዘንኩላቸው ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ብዙ ቆይቻለሁ። እሱ ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ሴት አስለቅሼ መሃላቸው መታየት ፈራሁ።

እማማ ጥሩ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። የምስራች ነው ያሰማሽኝ፣ ምስር ብዪ አሉኝ። በዚያው አፋቸው፣ ያቆዩትን የሴት ልጃቸውን ሰርግ ከፋሲካ በኋላ እንደሚያደርጉት ተናገሩ። ወንድሟ ይኑር ይሙት ሳይታወቅ ቤቴ ከበሮ አይመታም ብለው ነበር ያዘገዩት።

ቤቴ ገብቼ፣ ብዙዎች ማለት አዳነ ማለት አይደለም ብዬ አሰብኩ። ደግሞ መልሼ፣ በሚቀጥለው ገበያ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ገበያ እማማ ጥሩ ለድግሱ ጌሾና ብቅል ይገዙ ነበር፤ ሲከራከሩ እንኳ ይስቃሉ። አልነገርኳቸውም። እማማ ብርቄ ደግሞ ለፋሲካ ቤታቸውን ሲለጥፉ ያችን ገጽ ከመደቡ በላይ፣ ከሁሉ ፊት አደረጓት። ከዚያ በኋላ ፊደል የቆጠረ እንግዳ በገባ ቁጥር ዓይኑ የት እንደሚያርፍ እከታተላለሁ። ቄሱ ጠበል ሊረጩ መጥተው ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲሉ፣ መስቀል ልሳለም ብዬ መሃል ገባሁባቸው። ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ ናት ብለው ባረኩኝ።

ከሰርጉ መቅረት አልቻልኩም፤ የምስራች ያሰማሁት እኔ ነኛ። ወደ ጋዝጊብላ ስንወጣ የበልግ ዝናብ ዳገቱን አርሶታል፤ እግራችን እየከዳን ደረስን። ከሙሽሪት አጠገብ አስቀምጠው እማማ ጥሩ በእጃቸው ነጭ ማር አጎረሱኝ። ከዚያ እስክስታ ሲወርዱ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

ሰኔ ላይ ሞላ በክራንች መጣ። እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል ከርሟል። ለቅሶውና እልልታው በረድ ካለ በኋላ፣ መደቡ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀና ሲል ገጿን አየ። እስከ ግርጌዋ አነበበ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ለእናቴ ያነበብሽላት አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

ጣቱን መስመሯ ላይ አሳረፈ። "ይችንስ?"

"አላነበብኳትም።"

"አዳነ እኮ እዚህ ውስጥ ነው" አለ፤ ድምፁን ሳያነሣ። "ከአጠገቤ ነው የወደቀው።"

እናቱ ስለ ሰርጉ ሲነግሩት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እማማ ብርቄ አልተቆጡኝም፤ ብቻ ያን ቀን "ቁጭ በይ" አላሉኝም።

በሦስተኛው ቀን ሞላን በበቅሎ አስቀምጠው ሽማግሌዎች መርዶ ሊያረዱ ወጡ። እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ እማማ ጥሩ ደጅ ላይ መድረስ ነበረባቸው። እኔ ታምሜያለሁ ብዬ ተኛሁ። በየገበያው ቀን ከቤት አልወጣም፤ በአጥር ሥር የሚያልፈውን ሁሉ ኮቴ አዳምጣለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ እማማ ጥሩ እማማ ብርቄ ቤት መጡ፤ አስጠሩኝም። ስገባ ከግድግዳው ፊት ቆመዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። እግራቸውን ልስም ጎንበስ ስል በክንዴ ያዙኝ።

"እኔ ዓይን የለኝ" አሉ በኽምጥኛ። "ዓይኔ አንቺ ነበርሽ። ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ጨፈርኩ።"

ክንዴን ሳይለቁ ወደ ግድግዳው አዞሩኝ።

"አሁን አንብቢልኝ። የቱ ጋ ነው?"

አሳየኋቸው። በአማርኛ አነበብኩ፤ በኽምጥኛ መለስኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ መውጣቱን ያወቅሁት እማማ ብርቄ ከጓዳ ሲያለቅሱ ስሰማ ነው። እማማ ጥሩ አላለቀሱም። መዳፋቸውን መስመሯ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳለሟት።

"መቃብሩን አላውቀው" አሉ። "ያለው እዚህ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ በወረዱ ቁጥር ይገባሉ። ይቅር ብዬሻለሁ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ለምኛቸው አላውቅም። መስመሯን ይሳለሙና "አንብቢ" ይሉኛል፤ አነባለሁ።

ባለፈው ሳምንት መደቡ ላይ ተቀምጬ ሳያት፣ ወታደሮቹ ቢጫ ሆነዋል። ከግርጌ፣ መስመሯ የነበረችበት ላይ ፊደሉ የለም። በመዳፍና በከንፈር ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ ከሥር ጭቃው ይታያል። ሰዎቹ ምርጊቱ ሳይደርቅ ቶሎ በይ አሉኝ። እማማ ብርቄ ከደጅ ገብተው ምን እንደማይ አዩ።

"ያችን ተዉአት፤ በዙሪያዋ ምረጉ" አሏቸው።

ግድግዳው ይጎረብጣል ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ተዉአት።

ነገ ገበያ ነው። መስመሯን ከእንግዲህ ከእኔ በቀር የሚያነባት የለም፤ እኔም የማነባት ከወረቀቱ ላይ አይደለም። እማማ ጥሩ "አንብቢ" ሲሉኝ ግን ጣቴን ቦታዋ ላይ አሳርፋለሁ፤ ከመጀመሪያዋ ቃል እጀምራለሁ።